የመጀመሪያዪቱ ታንኳ

ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ምኞቱም በደመወዙ ልክ ትንሽ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ ያ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት አልሠራም ማለት ነው። ምኞት የደረጃ ዕድገት አይጠብቅም፤ የአለቃ ፊርማም አያስፈልገውም። በእኛ ክፍል ካሉት ጓደኞቼ አንዱ የሞተር ብስክሌት፥ ሁለተኛው በአምቦ ከተማ ዳር ትንሽ የቤት ቦታ፥ ሦስተኛው ደግሞ የማታ ትምህርቱን የሚጨርስበትን ገንዘብ ይመኛል። እኔ ግን ከሁለት ዓመት ጀምሮ የምመኘው አንዲት ትንሽ ታንኳ ናት፤ ይኸውም «ካያክ» የሚሏት፥ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ እየቀዘፈ ዓሣ የሚያጠምድባት ናት።

ይህን ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ። «ካቺሲ ላይ ታንኳ! መርከብስ ለምን አይሆንም?» አሉኝ። መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ከተማችን ካቺሲ የግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን የተቀመጠችው በደጋ ላይ ነው። በስተ ሰሜን የዓባይ ሸለቆ፥ በስተ ምሥራቅ ሙገር፥ በስተ ምዕራብ ጉደር ይከቡናል። ሦስት ታላላቅ ወንዞች ከእግራችን በታች ሲፈሱ እኛ ከላይ ሆነን እናያቸዋለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኛ አገር ሰው ተረት አይደለም፤ የዕለት ኑሮው ነው። አኮ እያልን የምንጠራት አያታችን በልጅነቷ ሰዎች ዓባይን በተነፋ ስልቻ ተደግፈው ሲሻገሩ እንደ ነበር ታጫውተን ነበር። ወሬዋን የምትጨርሰው ግን ሁልጊዜ ባልተሻገሩት ሰዎች ስም ነው።

ሆኖም ካያክ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ በብረት ጀልባዎች ዓባይን ሊወርድ ተነሥቶ ብዙ ሳይርቅ ጀልባዎቹ ከዐለት ጋር ተጋጭተው ጉዞው ቀረ። በ1965 አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ ከሸፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን በካያክ እስከ ካርቱም ወረደ፤ እንግዲህ ያ ሰው ያለፈው በእኛው ሸለቆ፥ ከግንደ በረት ግርጌ ነው። በ1968 ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የመራው ቡድን በአየር በሚነፉ የላስቲክ ጀልባዎች መጣ፤ ከአባላቱም አንዱን ውሃ ወስዶት ሞተ። በ2004 ደግሞ ስካቱሮና ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት አገኘሁ። አንደኛው፥ ጠንካራ የሚመስለው ብረት በተሰበረበት ወንዝ ላይ ቀላሉና የሚለመጠው ላስቲክ ማለፉ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፤ ይኸውም ዓባይ የጀማሪ ውሃ አለመሆኑ ነው። አዞው፥ ጉማሬውና ፏፏቴው ለሠለጠኑትም አልራሩም። ስለዚህ ታንኳ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ «የትኛዪቱን ታንኳ ልግዛ?» ብሎ ሳይሆን «በየትኛው ውሃ ላይ ልቀመጥ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በእኛ በኩል ሊታሰቡ የሚችሉት የረጉ ውሃዎች ጥቂት ናቸው። ከጊንጪ በላይ ያለው የደንዲ ሐይቅ አለ፤ ቅርጹ እንደ ስምንት ቍጥር ሁለት ክብ ሆኖ የተያያዘ ነው። ከአምቦ በስተ ደቡብ ደግሞ ወንጪ አለ፤ በመካከሉ ባለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀሙ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ናቸው። ለዓይን እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ውሃቸው ቀዝቃዛ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ቀጥሎ እጁ ይደነዝዛል፤ ዋና የሚያውቅ እንኳ ቢሆን ወደ ታንኳው ለመመለስ ኃይል ያጣል። እኔ በበኩሌ ያሰብሁት በጌዶ በኩል ተገንጥሎ የሚኬድበትን፥ በ1973 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የፊንጫአን ግድብ ሐይቅ ነው። በዚያ ቆሮሶ ይጠመዳል፤ ዳሩም ሰው ስላለበት ለጀማሪ ይሻላል።

ውሃው ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ መንገድ ነው። ከካቺሲ በጀልዱ በኩል እስከ ጊንጪ፥ ከጊንጪ በአምቦና በጉደር አድርጎ እስከ ጌዶ፥ ከዚያም ወደ ፊንጫአ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ታንኳውን ከቤቱ ይዞ መነሣት አለበት። የራሱ መኪና የሌለው ሰው ታንኳ ሲመርጥ ከዓሣው ይልቅ የአውቶቡሱን ረዳት ማሰብ ግድ ይሆንበታል። እስቲ እንግዲህ በዚህ ሚዛን አራቱን ዓይነት ታንኳ አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ የምትታሰበው የጣናዪቱ ታንኳ ናት። ከደንገል ተጠፍራ የምትሠራ ናት፤ በሥራዋም የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ዋጋዋ ከሁሉ ያነሰ ነው። ውሃ ቢገባባት አትሰጥምም፤ ምክንያቱም የምትንሳፈፈው ባዶ ሆድ ስላላት ሳይሆን ደንገሉ ራሱ አየር የያዘ ስለ ሆነ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉን ያስወሰደው ከጣና ነው። የመጀመሪያዪቱ ከዳር ሳትደርስ ብትቀርም ሁለተኛዪቱ በ1970 ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ነገር ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳዪቱን ከሥራ በኋላ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ዕድሜዋም በወራት እንጂ በዓመታት የሚቈጠር አይደለም። ለጣና ዳር ሰው አሮጌዪቱን ጥሎ አዲስ መጥፈር ቀላል ነው። ለካቺሲ ሰው ግን ደንገሉም ጠፋሪውም ሩቅ ነው።

ሁለተኛው አናጢ ከሳንቃ፥ ወይም በያጅ ከላሜራ የሚሠራው ጀልባ ነው። በውሃ ዳር ለሚኖር፥ መረብ ለሚጥልና ዓሣ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም፤ ቢበላሽ በአገር ባለሙያ ይጠገናል። ጕድለቱ ክብደቱ ነው። ለማንሣት አራት ሰው ያስፈልጋል። የላሜራው ደግሞ ውሃ ከሞላበት ቀጥ ብሎ ይሰጥማል። ስለዚህ የሚያሠራ ሰው በፊትና በኋላ፥ ከመቀመጫውም በታች አየር የታሸገበት ክፍል እንዲበየድለት አስቀድሞ መዋዋል አለበት። «በኋላ እንጨምርበታለን» የሚል በያጅ ቢያጋጥመው ወደ ሌላ ይሂድ።

ሦስተኛው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ካያክ ነው። በውጭ አገር ጀማሪ ዓሣ አጥማጆች አብዝተው የሚገዙት ከላዩ ላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት ነው፤ ቢገለበጥ እንደ ገና ይወጡበታልና፥ የገባውም ውሃ በቀዳዳዎቹ ይወርዳልና። ርዝመቱ ከ3 እስከ 3 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ ከ75 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ጠባቡ ይፈጥናል፤ ሰፊው ይረጋል። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ የሚፈልገው መርጋቱን እንጂ መፍጠኑን አይደለም። የመሸከም ዐቅሙም የራስን ክብደት፥ ዕቃንና የሚያዘውን ዓሣ ደምሮ ከዚያ ሲሶ ያህል ትርፍ ያለው መሆን አለበት። ያገለገለ የተገኘ እንደ ሆነ ሆዱን ገልብጦ ማየት፥ የተሰነጠቀ ወይም በሙቀት የተለጠፈ መኖሩን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ክብደቱ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይደርሳል፤ ከውጭም ሲመጣ የማጓጓዣውና የቀረጡ ሒሳብ የዋናውን ዋጋ ያስረሳል። ከሥራው ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው በአጋጣሚ ካልተገኘ በቀር የእኛ ኪስ አይችለውም።

አራተኛው በአየር የሚነፋው ነው። ተጠቅልሎ በከረጢት ይገባል፤ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ከጤፍ ከረጢት አጠገብ ይጫናል፤ ረዳቱም ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ሒሳቡን ይቀበላል። የመጀመሪያውን በሥዕል ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለችኝ አኮ ናት። ለካስ ፋብሪካው የሠራው የእርሷኑ ስልቻ ነው! ልዩነቱ አንድ ነው፤ የአኮ ስልቻ ሲቀደድ ሁለተኛ ሆድ አልነበረውም። ስለዚህ የሚነፋ ታንኳ ሲገዛ ከሁሉ በፊት የሚታየው አየሩ የተከፋፈለበት ክፍል ብዛት ነው። ቢያንስ ሦስት መሆን አለበት፤ አንዱ ቢፈነዳ ሁለቱ ሰውየውን ወደ ዳር ያደርሱታልና። ለሕፃናት መጫወቻ የተሠራው ስስ ላስቲክ ዋጋው ቢያስጐመጅም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሻጩን ሳያፍር «ነፍተን እናሳድረው» ይበለው። በማግስቱ የላላ ከሆነ በስፌቱና በመንፊያው አፍ ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀባበት አረፋው የሚወጣበትን ቦታ ያሳያል። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይለጠፋል፤ ስፌቱ በረጅሙ የሚተነፍስ ግን አይገዛም። በደጋ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በማለዳ ብርድ እስከ መጨረሻው የተወጠረ ታንኳ በቀትር ፀሐይ አየሩ ስለሚሰፋ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ጥቂት አጕድሎ መንፋት፥ ዳር ላይም ሲቆም ወደ ጥላ ማስጠጋት ይገባል። የግራር እሾህና የራስ መንጠቆ ደግሞ ከአዞ የማይተናነሱ ጠላቶቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ መዝግቤ ለእናቴ አነበብሁላት። እናቴ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ዓሣ አትቀምስም፤ እርሱም በሁዳዴ አምቦ ከወረድን ነው። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ የዓሣ ሥጋ ሳላይ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ያላንተ ግን መኖር አልችልም» አለችኝ። ለዚህ ቃል በመዝገቤ ውስጥ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ሒሳቡን እንደ ገና ሠራሁት። አስቀድሞ ገንዘቡ ሁሉ ለታንኳዪቱ የተመደበ ነበር። አሁን ግን በአራት ከፈልሁት፤ ሁለቱ እጅ ለታንኳ፥ አንዱ እጅ «ላይፍ ጃኬት» ለሚሉት የመንሳፈፊያ ሰደርያ፥ የቀረው አንድ እጅ ለመቅዘፊያ፥ ለመንፊያ፥ ለመለጠፊያና ለፉጨት ነው። ሰደርያው በክብደቴ ልክ የሆነ፥ በወገብ የሚታሰር፥ ትከሻውን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት በአንገት የማይወጣ መሆን አለበት። ታንኳዪቱ ያገለገለች ብትሆን አይከፋም፤ ሰደርያው ግን አዲስ ይሆናል።

ደግሞም ሰደርያ የዋና ምትክ አይደለም። እኛ የደጋ ልጆች አብዛኞቻችን ውሃ ሲያዩ ወደ ኋላ የምንል ነን። እኔ መዋኘትን የተማርሁት በጎልማሳነቴ፥ በአምቦው የፍል ውሃ መዋኛ፥ ከሕፃናት ጋራ ተሰልፌ ነው። ሕፃናቱ ሳቁ፤ እኔ ግን ዋና ተማርሁ። ለታንኳ ገንዘብ የሚያጠራቅም ወጣት በዚያው ጊዜ ዋናውን ቢማር ጊዜው በከንቱ አያልፍበትም።

የገንዘቡም ነገር ቢሆን መንገድ አለው። እኔና ሁለት የሥራ ጓደኞቼ ታንኳዪቱን በእቁባችን ገንዘብ በጋራ ልንገዛ ተስማምተናል። የሦስት ሰው ንብረት ጠብ እንዳያመጣ ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚወስዳት፥ ስትበላሽ ማን እንደሚያስጠግናት፥ ከመካከላችን አንዱ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር ድርሻው እንዴት እንደሚከፈለው በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፈን ፈርመናል። ከዚህም ሌላ ዓሣ ማስገር በሕግ የሚተዳደር ሥራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 315 ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የተደነገገ ነው፤ ስለዚህ መንጠቆ ከመጣል በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ከመንግሥት ሠራተኛ በተለይ የሚጠበቅ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም እንደ እኔ በትንሽ ደመወዝ የምትኖርና ውሃ የምትናፍቅ እንደ ሆንህ አትቸኩል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በመጀመሪያ ውሃህን ምረጥ፤ ቀጥሎ መንገድህን ለካ፤ ከዚያ ሰደርያህን ግዛ፤ ታንኳዪቱ በመጨረሻ ትምጣ። ገበያተኛው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ሊነግርህ ይችላል፤ እርሱ የሚሸጠው ታንኳ ነውና። እናትህ ግን የምትጠብቀው ታንኳዪቱን አይደለም።