ለቦንጋ የተላከ የስም ዝርዝር

መቼም ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያ ኮምፒዩተር የሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ የእኔን የመሰለ ማሽን ሲሻ፣ የተለመደው መንገድ ያልተገዛ ዊንዶውስ በፍላሽ ማስገልበጥ፣ ከፕሮግራሙም ጋር ቫይረሱን ተሸክሞ መሄድ ነበር። እኛ የመረጥነው ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣውን ኡቡንቱ የተባለ ሊኑክስ ነው፤ መገልበጥንም ለሌላ መስጠትንም ስለሚፈቅድ ሰው አንገቱን ሳይደፋ ይገለብጠዋል።

ታዲያ ለዓመታት አንድ በአንድ የጫንኳቸው ፕሮግራሞች እንዴት ይደገሙ? የከፋ ገበሬ የቡና ማሳውን ሲያሰፋ ችግኝ ይተክላል እንጂ የቆመውን ዛፍ ነቅሎ አይወስድም። ኡቡንቱና እናቱ ዴቢያንም ለዚህ የሚሆን መላ አላቸው። «ዲፒኬጂ» የተባለው መሣሪያ የተጫኑትን ጥቅሎች ስም በአንድ ፋይል ይጽፋል፤ ስሞቹ 2000 ቢሞሉ እንኳ ፋይሉ ከአንድ የስልክ ፎቶግራፍ ያንሳል። ሌላው ማሽን ዝርዝሩን ሲቀበል «አፕት» ጥቅሎቹን ከኢንተርኔት እያወረደ ይጭናል።

ይሁንና ይህ ዝርዝር፣ ሠርግ ቤት እንደሚሆነው ሁሉ፣ የተጠራውን እንግዳና አጅቦት የመጣውን አይለይም። «አፕት-ማርክ» ግን በስማቸው የተጠሩትን ብቻ ያወጣል፤ አጃቢዎቹን አዲሱ ማሽን ራሱ ፈልጎ ያመጣቸዋል። የሁለቱ ማሽኖች እትም ሲለያይ ይኸኛው አጭር ዝርዝር ይሻላል፤ ያረጁ አጃቢዎችን አይጎትትምና።

የቀረው የኔትወርክ ነገር ነው። ስሞቹ በደቂቃ ይደርሳሉ፤ ጥቅሎቹ ግን በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው፣ የሞባይል ዳታም በብር ይገዛል። ስለዚህ የቦንጋው ማሽን «አፕት-ኦፍላይን» በተባለው መሣሪያ የጎደለውን ጽፎ ላከልኝ፤ እኔም አዲስ አበባ ላይ አውርጄ ፍላሹን ለመንገደኛ ሰጠሁ።

ዝርዝሩ የማይሸከመውም አለ። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ሄዷል፤ የአማርኛ መተየቢያውም ሄዷል። የትኛው የቁልፍ ሰሌዳ በየትኛው ቋንቋ ይሥራ የሚለው ቅንብር ግን ቦንጋ ላይ በእጅ ተበጀ። የግል ጽሑፎችም ለብቻቸው ካልተገለበጡ በዝርዝሩ ተከትለው አይሄዱም።

እኔስ ይህን ጉድለት አልጠላሁትም፤ ለባለቤቱ የራሱን ቦታ ይተውለታልና። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቦንጋ አንድ ፋይል ደረሰኝ። የአክስቴ ልጅ ዝርዝር ነበር፤ ለተማሪዎቹ ሲል የጨመራቸውን፣ እኔ ዘንድ የሌሉ 11 ስሞች ይዟል። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ እያወረድኩ ነው።