ያ ሁሉ ሳቅ!

ወይ የእሁድ ከሰዓት! በ1980ዎቹ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እኛ ልጆች ጫማችንን በር ላይ ቆልለን ወለሉን እንሞላዋለን፤ ትልልቆቹ ከኋላችን በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ቀልደኞቹ ደረጀና ሀብቴ ብቅ ሲሉ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ከዚያ በኋላ የሚሉትን ማን ሰምቶ! የቤቱ እመቤት ሲስቁ አጠገባቸው ያለውን ሰው ካልመቱ አይሆንላቸውም፤ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ትከሻውን እያሸ ነበር የሚወጣው። እሁድ ሲመጣ ግን ያችኑ ቦታ እንሻማባት ነበር!

ካሴቱስ! የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ ቀልድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ሲከፈት፣ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘመድ ይሆናል። ቁርስ ላይ ሰላም ያልተባባለ ሰው ምሳ ላይ ይጎራረሳል።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የለቅሶ ቤቱን ሳቅ ነው። አዎ፣ የለቅሶ ቤት! አጎቴ ያረፉ ጊዜ ባለቤታቸው እህል አልቀምስም ብለው ሰንብተው ነበር። በሠልስቱ ማታ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ጨዋታ አዋቂ ጎረቤት ድንገት፣ «ጋሼ ለፋሲካ የገዙት በግ ትዝ ይላችኋል?» አለ። በጉ አጎቴን እየጎተተ የማያውቁት ሰው ግቢ አስገብቷቸው፣ ባለቤቶቹ እንግዳ መጣ ብለው ቡና አፍልተውላቸው ነበር የተመለሱት። መጀመሪያ አንድ ሰው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ቀጥሎ ድንኳኑ በሙሉ ፈነዳ። የአጎቴ ባለቤትም እያለቀሱ ሳቁ፣ እየሳቁ አለቀሱ፤ ከዚያም የቀረበላቸውን ጉርሻ ተቀበሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሳቅ ሰውን ከሐዘን እንደሚያነሳ ያመንኩት ያን ማታ ነው።

በኋላ ሳነብ ሳይንቲስቶቹም እዚያው ደርሰው አገኘኋቸው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን ሰው ብቻውን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅ ጽፏል። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ ደግሞ አብረው ከልባቸው የሳቁ ሰዎች ሕመምን የመቻል አቅማቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የእኛው የሳቅ ንጉሥ በላቸው ግርማም አዲስ አበባ ውስጥ ሳቅን ያስተማረው ሰው ሰብስቦ ነው። የዕድራችን ሰዎች ይህን ሁሉ ያለ ጥናት ያውቁት ነበር!

አሁንማ ቀልዱ ሞልቶ ተርፏል። ስልኩን ነካ ማድረግ ብቻ ነው፤ እሁድን መጠበቅ የለ፣ የተጠላለፈ ካሴት በእስክሪብቶ ማጠንጠን የለ። ታክሲ ውስጥ ግን ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ለየብቻው ፈገግ ይላል። ይህ ያንገበግበኛል፤ ግማሹ ደስታ አጠገባችን ካለው ሰው ጋር መተያየቱ ነበርና።

ደግነቱ የቤተሰባችን ቴሌግራም አለ! ዱባይ ያለችው እህቴ ድምፅ ስትልክ ከቃሏ ሳቋ ይቀድማል። ምሳ ላይ ድምፁን ከፍ አድርገን እንከፍተዋለን፤ እናቴ ነገሩ ሳይገባቸው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ፣ «እስቲ ድገሙልኝ!» ይላሉ። እንደግምላቸዋለን። እህል ይቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ!

እናንተም ዛሬ ማታ የሚያስቅ ነገር ስታገኙ ማዳመጫውን ከጆሯችሁ ንቀሉትና ቤት ላለው ሰው ሁሉ አሰሙት።