ነሐሴና የቁራ ጫጩቶች

ደባርቅ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር ምሳሌ ቸግሮኝ አያውቅም። ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ወጣ ካልኩ፣ ወይም ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተራመድኩ፣ የእሑዱን ትምህርት ይዤ እመለሳለሁ። ጭላዳዎች ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጩ ውለው፣ ሲመሽ ማንም የማይደርስበት ገደል ላይ ለማደር ሲወርዱ አይና ስለ መጠጊያ እናገራለሁ። ከፍ ብሎ ጓሳው መሐል የሚቆመው ጅብራ ዘመኑን ሁሉ ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይደርቃል። ከእሱ ስለ መስጠት አስተምራለሁ። ልጆቹ ይወዱታል፤ ወላጆቻቸውም ያመሰግኑኛል።

ይህ ልማድ የአባቶቻችን ነው። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ አውሬውንና ወፉን እየጠራ ከእያንዳንዱ መንፈሳዊ ትምህርት ያወጣል። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠርም ሰማይና ምድርን እያነበበ ነው የሚሄደው፤ የመብረቅና የነጎድጓድ ጊዜ አለው፣ የአበባ ጊዜ አለው። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ደግሞ ዕጓለ ቋዓት ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች የሚታሰቡበት ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ጫጩቶቹ ከእንቁላል ሲወጡ ጥቁር ላባ የላቸውም። ወላጆቻቸው ያዩዋቸውና መልካቸው ስለማይመስላቸው ጥለዋቸው ይሸሻሉ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ይጮኻሉ፤ እግዚአብሔርም ትንንሽ ነፍሳትን ወደ አፋቸው እየላከ ይመግባቸዋል። ላባቸው ሲጠቁር ወላጆቹ ይመለሳሉ።

ይህን ትምህርት ከሁሉም አብልጬ እወደው ነበር። ቁራው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ መንቆረ ወፍራሙ የእኛ ቁራ የደረቀ እበት እየበተነ ትል ሲለቅም ከደጃችን አይጠፋም። በየዓመቱ ነሐሴ ልጆቹን ወደ እሱ እያመለከትኩ፣ ማንም የሌለው ሰው እግዚአብሔር እንዳለው አስተምር ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ያው ነሐሴ ሲያልቅ የሰሜኑ ጦርነት ደጃችን ደረሰ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀለው ሰው ሊማሊሞን በእግሩ ወጥቶ ደባርቅ ገባ፤ ትምህርት ቤቶች በሰው ተሞሉ። ዳባት አጠገብ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። ከእኛም ወደ ጎንደር የሸሸው ሸሸ፤ የቀረነው የሩቁን የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየሰማን፣ ነገ እኛስ ምን እንበላለን እያልን እናድር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያባራ፣ ተፈናቃዮች ባረፉበት ግቢ አልፌ ስሄድ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ግድግዳ ጥግ ተቀምጣ አየሁ። ሰላም አልኳት። የቆላ ሰው ነች፤ ብርዱ አንዘፍዝፏት ነበር። ምን እንደምላት ግራ አልገባኝም። ግራ ቢገባኝ ኖሮ ይሻል ነበር። «አይዞሽ እህቴ፣ የቁራን ጫጩት የሚመግብ አምላክ አንቺንም አይረሳሽም» አልኳት።

«አሜን» አለችኝ። ቀጥላም «ወንድሜ፣ ለልጁ የሚሆን ትንሽ ገብስ ነገር አታጣም?» አለች።

«እስቲ ልይ» ብያት ሄድኩ። ቤቴ አፉ ያልተፈታ ማዳበሪያ ሙሉ ገብስ ነበር። አልተመለስኩም። በማግስቱም በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ማዳበሪያውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ዘመኑ ክፉ ነው፣ የራሴም ልጆች አሉ አልኩ። ይህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃትን እግዚአብሔር ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ የሚከብደኝ ሌላው ነው። እየሄድኩ ሳለሁ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ትክክለኛውን ቃል በትክክለኛው ወቅት ተናግሬ፣ ዕጓለ ቋዓትን በዕጓለ ቋዓት ሰሞን አስተምሬ፣ አገልግሎቴን የፈጸምኩ መስሎኝ ነበር። ምሳሌው በገብሱ ቦታ ገባ። ያን ቃል ባላውቅ ኖሮ ባዶ እጄን ስለማፍር ምናልባት ቤቴ ደርሼ እመለስ ነበር።

ይህን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ለነፍስ አባቴ ልናገር ስሄድ እንኳ ስለ ቁራው ምሳሌ ብዙ አወራሁ፤ እንዴት እንደተረዳሁት፣ እንዴት እንዳጣመምኩት። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ቁራውን ተወውና ስለ ገብሱ ንገረኝ» አሉኝ። ስለ ገብሱ የምናገረው አጭር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያንን ትምህርት እንደ ገና ሳስበው፣ ስንት ዓመት ሳስተምረው አንድ ነገር ጠይቄ እንደማላውቅ ገባኝ። ጫጩቶቹን ጥሎ የሸሸው ማን ነው? ሁልጊዜ ዓይኔ ያረፈው በተራቡት ጫጩቶችና በሚመግባቸው አምላክ ላይ ነበር፤ የሸሹት ወላጆች ተረስተው ነበር። መልኩ ስላልመሰለው የሸሸው እኔ ነኝ። (በእውነተኛው ቁራ አልፈርድም፤ ለጫጩቶቹ ምግብ ሲያመላልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊቃውንቱም ወፉን ሊከሱ አልተነሡም፤ ያነጋገሩት ሰውን ነው።)

የቅዱስ ያሬድን ታሪክም አሁን በሌላ ዓይን አነበዋለሁ። ትምህርት እምቢ ብሎት፣ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ፣ ፍሬ ሊበላ የሚወጣውን ትል አየ፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የወጣውን። ይህን ልጆች ሁሉ ያውቁታል፤ እኔም ስለ ጽናት ሳስተምርበት ኖሬአለሁ። አሁን የሚገርመኝ ያሬድ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ተነሥቶ ወደ ገረፉት መምህሩ ተመለሰ። በትሉ ተደንቆ እዚያው አልቀረም። ድጓው የመጣው ከዚያ መመለስ ነው። በመጨረሻም ዓለምን ትቶ ወደዚሁ ወደ ስሜን መጥቶ እንደተሰወረ ይነገራል፤ በስሙ የሚጠራው አባ ያሬድ ተራራም አለ። እኔ ግን ተራራውን እያየሁ ተቀምጬ ቀረሁ። ካየሁት ሁሉ የትኛው ነው ከተቀመጥኩበት አስነሥቶ ወደ ሰው የመለሰኝ? ፈልጌ አጣሁ።

አንድ ሌላም አለ። ግጭ ሜዳ ላይ ስደርስ፣ ጓሳው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ፣ የእግዚአብሔር ዝምታ ይሰማኛል እል ነበር። ያ ሜዳ ሰው ነበረበት። የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ገብስ አራሾችና ከብት አርቢዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የግጦሹ ጫና መቀነሱ ነው። ሣሩ እንዲያገግም ስለምፈልግ በዚያ አልከራከርም። ነገር ግን የእነሱን መሬት ጸጥታ ሳደንቅ፣ እነሱ ከቤቴ ብዙም ሳይርቁ አዲስ ኑሮ ሲጀምሩ አንዳቸውንም በስም አላውቅም ነበር። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔም ይህን ምክንያት አድርጌ ኖርኩ። አሁን አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ጅብራው በየትኛው ጥግ እንደሚበዛ፣ ውርጩ መጀመሪያ የት እንደሚወርድ ከእኔ አብልጠው ይነግሩኛል፤ ይናፍቃሉም። አብሬያቸው ስቀመጥ ምሳሌ ላለማውጣት እታገላለሁ።

ተራራ መውጣቱን አልተውኩም፤ ነፍስ አባቴም ተው አላሉኝም። ያሉኝ የወሰድኩትን እንድመልስ ነው፤ ከዚያች ሴት የወሰድኩት ገብስ ባይኖርም የከለከልኳት አለ። ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር። መንገዱ ሲከፈት ወደ አገሯ ከተመለሱት ጋር ሄዳ ይሆናል ብዬ ወደ ዛሪማ የሚወርዱ ሰዎችን ጠየቅኩ፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ብዬ የት አገኛታለሁ። ያን ያህሉን ገብስ ሰፍሬ ለሌላ ተፈናቃይ ቤተሰብ ሰጠሁ። መረቁኝ። ለእሷ ግን አልደረሳትም።