ሜዳ ማደር፦ ከማሽላ ማማ እስከ ኦሮራ ጓሮ

የዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያን ከሩቅ አይቶ «ድንኳን ተክለዋል» ያለ ሰው አልተሳሳተም። የዋናው ተርሚናል ጣሪያ በእርግጥም ድንኳን ነው፤ ቴፍሎን የተለበጠ የፋይበርግላስ ሸራ በብረት ምሰሶና በገመድ ተወጥሮ፣ 34 ጫፍ አውጥቶ የቆመ። ነጭነቱና ሹልነቱ በስተምዕራብ የሚታየውን የሮኪ ተራሮች በረዶ ያስታውሳል። ከተማው ሳይቆረቆር በፊት በዚህ ሜዳ ይሰፍሩ የነበሩትን የአራፓሆና የሻያን ሕዝቦች ድንኳን ነው የሚመስለው የሚልም አለ። ለእኛ ሰው ግን የሠርግ ዳስ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ሻንጣውን እየገፋ ሲተራመስ ሳይ፣ ጠጁ የት አለ ያሰኘኛል።

የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ ውስጥ ከዚያ ድንኳን ሥር እንጀራውን የሚያገኝ ሰው የሌለበት የሐበሻ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ የሚነዳው፣ የፓርኪንግ አውቶቡስ የሚያሽከረክረው፣ ቡና የሚቀዳው፣ ዊልቸር የሚገፋው፣ አውሮፕላን የሚያጸዳው ብዙ ነው። ሌሊት ፈረቃ ላይ እንቅልፍ የሚያባርረው ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ ዞሮ ዞሮ አገር ቤት ይገባል። አንድ በረዶ የሚያወርድ ሌሊት፣ ከመካከላችን የቆየው ሰው የታኅሣሥ 2006ን የበረዶ ማዕበል አነሳ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ያኔ አየር ማረፊያው 45 ሰዓት ያህል ተዘግቶ፣ በሺዎች የሚቆጠር መንገደኛ ካፖርቱን አንጥፎ ሻንጣውን ተንተርሶ እዚያው ወለል ላይ አድሯል። የጎጃሙ ጓደኛችን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ያን ሁሉ ካርቶን ይዘው አንድ ጎጆ እንኳ ሳይቀልሱ አደሩ?» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም የልጅነት ጎጆውን እያነሳ ይተርክ ጀመር።

የእኔ ማማ ነው። ያደግኩት በደቡብ ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ማሽላ በሚዘራበት አገር ነው። መስከረም አልፎ ማሽላው ዛላ ሲይዝ ጠላቱ ይበዛል፤ ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርትና ከርከሮ። ስለዚህ ከማሳው መካከል ማማ ይሠራል። አራት ባላ ይተከላል፣ ወራጅ ይጋደምበታል፣ በላዩ ርብራብ ይደረደርና አገዳና ሣር ይነጠፍበታል። ከአናቱ ፀሐይና ጤዛ የሚከለክል ስስ ክዳን ይደረግለታል። ምስማር የሚባል ነገር አይነካውም። ማሰሪያው ልጥ ነው።

የልጡ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ጫፉን በጥርስ ፈልቅቆ፣ ከዚያ ሳያቋርጡ መሳብ ነው፤ ያመነታ እጅ መሀል ላይ ይበጥሰዋል። የተላጠው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በእርጥቡ የታሰረ ልጥ ሲደርቅ ይከርራል፣ ባላና ወራጁን አንቆ ይይዛል። የደረቀውን ልጥ ያሰረ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ርብራቡ ይከዳውና ከነቡልኮው ማሽላው ውስጥ ይወርዳል። ይህን ተቀምጦ የሚያስተምር የለም። ታላቅ ወንድም ያውቀዋል፤ አይናገርም። ታናሹ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ በማግሥቱ በራሱ ልጥ ሲዘፈዝፍ ሲያየው ነው «አሁን ገባህ» የሚለው።

ማማው ላይ ወንጭፍ፣ የጠጠር ክምርና ጅራፍ አለ። እሸት ይጠበሳል፣ ጥንቅሽ ይመጠጣል። ሌሊቱ ሲረዝም ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው «አለህ?» እየተባለ ይጠራል፣ «አለሁ!» ይባላል። መልስ የጠፋበት ማማ ላይ ያለው ልጅ ተኝቷል ማለት ነው፤ ጃርቱም ያንኑ ይሰማል መሰለኝ፣ ጠዋት የተጋደመ አገዳ የሚገኘው እዚያው ማሳ ላይ ነው። አባት ደግሞ ጠዋት መጥቶ ማሳውን ዞር ዞር ብሎ ያያል እንጂ «ፈርተህ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም።

እንግዲህ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ ማማው አይደለም። ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እህል ለአሥር ዓመት ልጅ አደራ መሰጠቱ ነው።

የጎጃሙ ጓደኛችን የቆሎ ተማሪ ነበር። እኔ የማወራው ማማ ለእሱ የጨዋታ ያህል ነው የታየው፤ የእነሱ ጎጆ የዓመታት ቤት ነውና። ዳዊት ደግሞ ለቅኔ ወይም ለዜማ ከአገሩ የወጣ ልጅ፣ መምህሩ ካሉበት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንጨት ለቅሞ፣ ሣር አጭዶ፣ ተጎንብሶ የሚገባበትን ጎጆ ራሱ ይቀልሳል፤ ወይም የሄደ ተማሪ የተወለትን ይጠግናል። ደበሎ ይለብሳል፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፣ የመንደሩን ውሻ በዱላ እየተከላከለ ይመለሳል። የመንዙ ጓደኛችን ደግሞ ቤት ሳይሆን ልብስም ቤትም የሆነ ነገር ነበረው፤ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ። ዝናብ ሲመጣ እረኛው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ቁጭ ይላል፤ ገሳው ጣሪያ ይሆንለታል።

ይህን ሁሉ ዝም ብላ የሰማች አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። «ወንዶቹ እንዴት ታምሩ ነበር!» አለች። «እኛን ማን ማማ ላይ አሳደረን? ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ በላስቲክና በባሕር ዛፍ ቅጠል ቤት እንሠራለን፣ እቃቃ እንጫወታለን፣ ከመምሸቱ በፊት ‹ነይ ግቢ!› ነው።» መልስ የሰጣት የለም። እውነቷን ነው፤ ሜዳ የማደር ናፍቆታችን የወንዶች ናፍቆት ነው። ሌላም ያልተወራ ነገር አለ። ሌሊቱን «አለሁ» ሲል ያደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ቆላ ነውና ወባ አለ፣ እባብ አለ። የቆሎ ተማሪውም ብርዱንና እከኩን ወዶ አልተሸከመውም። ልጄ ያንን እንዲኖር አልፈልግም።

ኮሎራዶ ላይ ሜዳ ማደር የሚጀመረው ከኮምፒዩተር ነው። ኦሮራ ጥግ ላይ ያለው ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ የድንኳን ቦታ አለው፤ ቀን ይመረጣል፣ ቁጥር ያለው ቦታ ይያዛል፣ በካርድ ይከፈላል። ድንኳኑ ከፋብሪካ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ከሚገጣጠም ዘንጉ ጋር ይመጣል። ሥራው የልጁ ሳይሆን የአባት ነው፤ ልጁ ችካል አቀባይ ነው። እናቴ በስልክ ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ፣ «ቤት እያላችሁ፣ ከፍላችሁ ደጅ አደራችሁ?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ ከፍለን።

ደንቡ መብዛቱን አልነቅፍም፤ ምክንያት አለው። በ2020 ከፎርት ኮሊንስ በስተምዕራብ የተነሣው የካሜሮን ፒክ እሳት ከ80,000 ሄክታር በላይ አቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲህ በደረቅ ወራት እሳት ክልክል ነው ሲባል የሚያጉረመርም ሰው አይገባኝም። ተራራው ላይ ድብ ስላለ ምግብ ድንኳን ውስጥ አያድርም። ባላ ልቁረጥ ያለ ሰው ደግሞ እርጥብ ዛፍ መንካት ክልክል መሆኑን ወዲያው ይነገረዋል። በተፈጥሮ ላይ አሻራ ሳይተዉ መመለስን የሚያስተምረው «ሊቭ ኖ ትሬስ» የተባለው ድርጅት መቀመጫው እዚሁ ጎረቤታችን ቦልደር ነው። እኛ ዘንድ ለአንድ ማማ አራት ባላ ይበቃል፤ እዚህ ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ አራት አራት ባላ ቢቆርጥ ጫካው ባንድ በጋ ያልቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይዋጥልኝም። በ2012 ዴንቨር ያወጣችው ደንብ ባልተፈቀደ ቦታ መጠለልን ይከለክላል። መጠለያ የሚባለውም ድንኳን ብቻ አይደለም፤ ብርድ ልብስም፣ የለበሱትን ልብስ ትቶ ከብርድና ከዝናብ የሚከልል ማንኛውም ነገር ጭምር ነው። ኦሮራም በ2022 የራሷን ክልከላ አወጣች። ስለዚህ በዚህ አገር ቤት ያለው ሰው ድንኳን ሲተክል መዝናናት ይባላል፣ ቤት የሌለው ሲተክል ጥፋት። ልጄ ይህንን ከመኪና መስኮት አይቶ ጠይቆኛል፤ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም።

ደንቡ ይህን ያህል ቢበዛም ልጆቹ ግን ጎጆ ይሠራሉ። ይህን ያላየ ወላጅ ቤቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። መጋቢት ላይ የሚወርደው በረዶ እርጥብና ከባድ ነው፤ በመጋቢት 2003 የአየር ማረፊያውን ያን የሚያህል ሸራ የቀደደው እሱ ነው። ያ በረዶ ለልጅ ምርጥ ጭቃ ነው። ጓሮ ውስጥ ይከምሩታል፣ በአካፋ ይፈለፍሉታል፣ በአራት እግራቸው ይገቡበታል። ቤት ውስጥ ሲሆን የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ይደረደራሉ፣ የእኔ ጋቢ ይወጠርባቸዋል፣ ጫፉ በመዝገበ ቃላት ይያዛል። የእኔው ልጅ አንድ ቀን ጋቢው መሀሉ ላይ እየረገበ ሲያስቸግረው የመጥረጊያ እንጨት ከታች አቁሞ ሽቅብ ወጠረው። ማንም ምሰሶ አቁም አላለውም፤ ጋቢው ራሱ ነገረው።

ታዲያ ይህ ልጅ ጓሮው ውስጥ አንድ ሌሊት ልደር ሲል እምቢ የምንለው ለምንድን ነው? ስንጠየቅ «ፖሊስ ይመጣል፣ ልጆቻችንን ይወስዱብናል» እንላለን። ስደተኛ ሲሆኑ ይህ ፍርሃት ቀልድ አይደለም፤ በሌላ ሰው ቤት ሲሆን የሰማ አለ። ነገር ግን ኮሎራዶ በ2022 አንድ ሕግ አጽድቃለች፤ አገረ ገዢው ጃሬድ ፖሊስ ፈርመውበታል። ልጅ በዕድሜውና በብስለቱ ልክ ያለ አዋቂ ተቆጣጣሪ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ቢሄድ፣ ደጅ ወጥቶ ቢጫወት፣ ያ ብቻውን ወላጁን በቸልተኝነት አያስጠይቅም ይላል። ሕጉ ይህን ያህል ከተራመደ፣ አጥር ባለው ጓሮ፣ የኩሽና በር ክፍት ሆኖ፣ አባትና እናት ቤት ውስጥ ተኝተው ልጅ ደጅ ቢያድር የሚከለክለው የእኛ ፍርሃት ነው። እውነቱን ለመናገር ከፖሊሱ ይልቅ የምንፈራው ልጁ መብረዱንና ማልቀሱን ነው። ከአየር ማረፊያው ወዲህ ባለው ሜዳ የኮዮቲ ጩኸት ሲሰማ ልጆቹ ይደነግጣሉ፤ ጅብ ሰምተን ያደግነው እኛ ደግሞ ከእነሱ ብሰን መስኮት እንዘጋለን።

ለዚህ የሚሆን በዓል አለን እኮ። ቡሄ ደብረ ታቦር ነው። ጌታ ክብሩን በገለጠበት ተራራ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ እንሥራ ያለበት ቀን ነው። በትውፊታችን ደግሞ በዚያ ብርሃን ጊዜ የመሸ ያልመሰላቸው እረኞች ሜዳ ላይ ቀርተው፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ሙልሙል ይዘው ፍለጋ የወጡበት ሌሊት ነው። እዚህ የምናከብረው በአዳራሽና በመኪና ማቆሚያ ነው፤ ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» ብለው፣ ዳቦ ተቀብለው፣ መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቶ ያስራሉ። ጅራፉም ጎረቤት ይረብሻል ተብሎ ቀርቷል። በዓሉ ግን ደጅ ስለመሸባቸው ልጆች ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ቡሄ የምለምናችሁ ይህን ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ማታ፣ ጓሮ ያላችሁ ልጆቻችሁንና የጓደኞቻችሁን ልጆች ሰብስቡ፤ ሴቶቹንም፣ ወንዶቹንም። ድንኳን አትግዙ። ያረጀ ጋቢ፣ ሸራ፣ ገመድ፣ የማቀዝቀዣ ካርቶንና ሁለት እንጨት ስጧቸውና ቤት ግቡ። ሲያጣምሙት አታቃኑላቸው። ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅና የበረዶ ጠጠር ይመጣል፤ ያ ከመጣ ሁሉም ወደ ቤት፣ ክርክር የለውም። ካልመጣ ግን ሌሊት ቢፈርስባቸውም ራሳቸው ያንሱት። አንድ ትልቅ ልጅ ለታናናሾቹ ኃላፊ ይሁን፤ ኃላፊነቱም የምር ይሁን፣ በየሰዓቱ በመስኮት ብቅ እያላችሁ አትንጠቁት። ጠዋት ሙልሙል ይዛችሁ ውጡ።

አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ፣ ጓሮ የሌላችሁ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። የእኔ ጓሮ ስድስት ልጅ ያስተኛል።