ከጅቡቲ እስከ ሙሻ ደሴት

ደገኛ ሰው ውሃን የሚያውቀው በወንዝ ሙላትና በጠበል ነው። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ዳር ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ጠበሉም ከዐናቱ ላይ ሲፈስስለት ዐይኑን ጨፍኖ ይቀበላል። ዐይኑን ገልጦ ከውሃ በታች ምን እንዳለ ለማየት የሚሻ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ በደጋ ተወልዶ በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው፥ ባሕሩን ዕለት ዕለት ቢያየውም፥ እንደ ጎረቤት ሳይኾን እንደ ባላጋራ ነው የሚያየው።

በጅቡቲ ወደብ ጭነት በማውረድ 18 ዓመት የኖረው የወሎ ሰውም እንዲሁ ነበረ። የኢትዮጵያ ንግድ አብዛኛው በዚያ ወደብ ስለሚያልፍ፥ ስንዴውም ማዳበሪያውም ሩዙም በእርሱና በባልንጀሮቹ ትከሻ ላይ አልፏል። ነገር ግን በዚህ ኹሉ ዘመን እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንኳ በባሕሩ ውስጥ አልነከረም። ሚስቱ ምክንያቱን በጠየቀችው ጊዜ፥ ጨዉ ቆዳዬን ይበላኛል እያለ ይመልስላት ነበር።

ዐሥራ አራት ዓመት የኾናት ልጁ ግን በዚያው በጅቡቲ የተወለደች ናትና ዋና የተማረችው ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላት ነው። በትምህርቷ አንደኛ በወጣች ጊዜ ምን ልስጥሽ ቢላት፥ ልብስም ጫማም አልጠየቀችም፤ «አባዬ፥ ሙሻ ደሴት ውሰደኝ፤ አንተም ከእኔ ጋራ ውሃ ትገባለህ» አለችው። እርሱም እሺ አለ፤ ነገር ግን ከወር ወደ ወር እያስተላለፈ አዘገየው። በሰኔና በሐምሌ ከምድረ በዳው የሚነሣው ትኩስ ነፋስ ሰውን የሚያቃጥል ነውና ለጊዜው ምክንያት አላጣም ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን አየሩ ቀዘቀዘ፥ ባሕሩም ጠዋት ጠዋት እንደ ዘይት ረጋ፤ ምክንያቱም አለቀበት።

ዓርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ነው። በጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲኾን ዐሥር የሚያህሉ ሰዎች በአንዲት ሞተር ጀልባ ተሳፈሩ። ጉዞው የግማሽ ቀን ነበረ፤ ይኸውም በሙሻ ደሴት በእግር ዞረው፥ ቀጥሎም በማስካሊ ደሴት አጠገብ ዋኝተው፥ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይበረታ ለመመለስ ነው። ባለ ጀልባው ከኢትዮጵያ ሾፌሮች ጋራ በመዋል አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ዐፋር ነበረ። ለየሰዉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ባደለ ጊዜ፥ ሰውየው የሰደርያውን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሰረው፤ ከዚያም አማትቦ ከጀልባዋ መካከል ተቀመጠና አግዳሚውን በኹለት እጁ ያዘ።

ከወደቡ ሲወጡ መርከቦቹን ከባሕሩ ወገን አያቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው ሆዳቸውን እንጂ ፊታቸውን አልነበረም። ተራ የሚጠብቁት መልሕቃቸውን ጥለው ቆመዋል፤ ጀልባዋም ከጎናቸው ስታልፍ በበሬ አጠገብ የምታልፍ ዝንብ ትመስል ነበር። ልጅቱ በየመርከቡ ላይ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ የየትኛው አገር እንደ ኾነ ስትነግረው፥ እርሱ የሚመለከተው የባሕሩን ቀለም ነው። በወደቡ አጠገብ የደፈረሰው ውሃ እየራቁ ሲሄዱ አረንጓዴ፥ ከዚያም ጥቁር ሰማያዊ ኾነ። ጥቁር ሰማያዊ ማለት ጥልቅ ማለት እንደ ኾነ ማንም ሳይነግረው ዐወቀው።

ሙሻ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የተቀመጠች ዝቅተኛ ደሴት ናት። ተራራ የላትም፤ የቆመችበት ዐለትም በጥንት ዘመን ከውሃ በታች ሳለ የተሠራ የኮራል ድንጋይ ነው። አሸዋዋ የተፈጨ ኮራልና የተሰባበረ ዛጎል ስለ ኾነ ነጭ ነው፤ ሲረግጡትም ከእግር በታች ይንኰሻኰሻል። በአንድ ወገን ባሕሩ ወደ ውስጥ በሚገባበት ስፍራ ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ በቅሏል። ይህ ዛፍ ሌላውን ተክል የሚገድለውን ጨዋማ ውሃ ችሎ የሚኖር ሲኾን፥ ሥሩም ግማሹ ከጭቃው በላይ ይታያል። በሥሮቹ መካከል ትንንሽ ሸርጣኖች ሰው ሲቀርብ ኹሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጕድጓዳቸው ይሮጣሉ፤ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሰውየው ይህን ለማየት ብዙ ጊዜ ቆመ። እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ መቆም ወደ ውሃው ከመሄድ ይሻለው ነበርና ነው።

ባለ ጀልባው እየመራቸው ሲሄድ የደሴቲቱን ታሪክ አጫወታቸው። በ1832 ዓ.ም. ሞርስቢ የተባለ የእንግሊዝ የመርከብ አዛዥ ከታጁራው ሱልጣን ጋራ ተዋውሎ ሙሻን የገዛት በ10 ጆንያ ሩዝ ነው፤ በእንግሊዞችም እጅ ከአርባ ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ ለፈረንሳዮች ተለቀቀች። ሰውየው ይህን ሲሰማ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ዐሥር ጆንያ! ዐሥር ጆንያ እኮ እኔ ከቍርስ በፊት የማወርደው ነው» አለ።

«እንግዲያስ አንተ በዕድሜህ ስንት ደሴት ተሸክመህ ይኾን?» አለው ሽማግሌው።

ሳቁ ግን አልቈየለትም። ወደ ደሴቲቱ ሰሜን ጠርዝ በደረሱ ጊዜ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የታጁራ ተራሮች በጉም ውስጥ ታዩ። ልጅቱ በእጇ እያመለከተች፥ «ከዚያ በስተ ቀኝ ያለው አገር ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። «ኦቦክ» አላት፤ ወዲያውም በአሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ኦቦክን ብዙ የኢትዮጵያ እናቶች በስሙ ያውቁታል። ከዚያ ጠረፍ ወደ የመን የሚያሻግረው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ጠባብ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ሳውዲ ለመድረስ የሚመኙ ወጣቶችም ከልክ በላይ ሰው በሚጫንባቸው ጀልባዎች በሌሊት ይሻገሩታል። በጥር 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ አውራጃ ጠረፍ፥ ጎዶርያ ከተባለው ስፍራ አጠገብ፥ ኹለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፥ በኹለት ሳምንት ልዩነት፥ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ኹለት ጀልባዎች በዚያው ጠረፍ ተገለበጡ። በጋዜጣ የሚወጣው እንዲህ ያለው ነው፤ ወሬው ሳይደርስ የቀረውን ባሕሩ ያውቀዋል።

ሰውየው ለልጁ የነገራት ከእነዚህ ኹሉ የቀደመውን ነው። ከ18 ዓመት በፊት እርሱና አንድ የአገሩ ልጅ፥ በአንድ ደብር ያደጉ፥ ከብትም አብረው የጠበቁ፥ በዐፋር በረሓ ተጉዘው ኦቦክ ደረሱ። በጨለማ ጀልባዋ ከዳር ራቅ ብላ ቆመች፥ ተሳፋሪዎቹም ውሃው እስከ ደረታቸው እየደረሰ እንዲገቡ ታዘዙ። ባልንጀራው ገባ። እርሱ ግን ውሃው ከጕልበቱ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው። ባልንጀራው ከፊት ኾኖ ኹለት ጊዜ ና እንጂ ብሎ ጠራው፤ እርሱም ወደ ኋላ ተመልሶ በድንጋይ ሥር ተደበቀ። ከሦስት ቀን በኋላ ያች ጀልባ እንደ ተገለበጠችና ከተሳፋሪዋ አንድ ስንኳ እንዳልተረፈ ከዐሣ አጥማጆች ሰማ።

«እናንተን ያገኛችሁ ፖሊስ ነው ብለኸን አልነበረም?» አለች ልጅቱ።

«ፖሊስ አልነበረም። ፈርቼ ነው።»

ከፍርሀቱ ይልቅ የከበደው ሌላ ነገር ነበረ። የባልንጀራው እናት ወሬ ሲያስጠይቁ፥ ፖሊስ በመንገድ በትኖን ተለያየን፥ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም ብሎ ልኮባቸዋል። ፈሪ እንዳይባል የተናገረው አንዲት ቃል ናት፤ ነገር ግን በእርሷ ምክንያት እናትየዋ እርማቸውን ሳያወጡ ቀሩ። ዛሬም ከሳውዲ ሰው መጣ በተባለ ቍጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ሄደው፥ ልጄን አይተኸዋል ወይ ይላሉ።

ልጅቱ ዝም አለች። ቈይታም፥ «ዋና ያውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ከእኛ አገር ልጅ ማን ያውቅ ነበር?»

ከዚህ በኋላ ወደ ጀልባዋ ተመለሱ፤ ወደ ማስካሊም ተሻገሩ። ባለ ጀልባው መልሕቁን ኮራሉን እንዳይሰብር ብሎ ራቅ አድርጎ በአሸዋ ላይ ጣለ፤ ለየሰዉም የውሃ መነጽርና መተንፈሻ ቧንቧ ሰጠ። መነጽሩ ዐይንንም አፍንጫንም በአንድነት ይሸፍናል፤ የሰው ዐይን በውሃ ውስጥ አጥርቶ የማያይ ስለ ኾነ፥ በመስታወቱና በዐይኑ መካከል አየር ሊኖር ያስፈልጋልና። በእርሱ ሲያዩ ነገር ኹሉ ከመጠኑ በሢሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ቧንቧው አጭር የኾነበትም ምክንያት አለው፤ ውሃው ደረትን ስለሚጫን፥ ሰው ዝቅ ብሎ በረጅም ቧንቧ ከላይ አየር ልሳብ ቢል አይኾንለትም። ልጅቱ የአባቷን መነጽር ተቀብላ በመስታወቱ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችበትና በጣቷ አሸችው።

«ምነው፥ መረቅሽውን?» አላት።

«እንዳያደበዝዝህ ነው፥ አባዬ» አለችው።

በመሰላሉ ወርዶ ውሃው ከጕልበቱ ሲደርስ ቆመ። ማንም አልገፋውም። ልጅቱ ከታች ኾና እጇን ዘርግታ ትጠብቀዋለች፤ ና ብላ ግን አልጠራችውም። እርሱም ያን ጊዜ ወረደ። የመጀመሪያው ሙከራ አላማረም፤ በአፍንጫው ሊተነፍስ ሲል ታፈነ፥ ራሱን ቀና አድርጎም ሳለ፥ ጨው ጠጣ፥ መሰላሉንም አንቆ ያዘ። ባለ ጀልባው ከላይ ኾኖ፥ «አፍንጫህን እርሳው፤ በአፍህ፥ በቀስታ» አለው። የዚያ ባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ከ35 ግራም የማያንስ ጨው ስላለበት፥ ሰደርያም ለብሶ ስለ ነበር፥ ሊሰጥም ቢፈልግ እንኳ አይሰጥምም ነበር፤ ይህን ግን ለፈራ ሰው ማስረዳት በከንቱ መድከም ነው። በሦስተኛው ጊዜ የልጁን እጅ ይዞ ፊቱን በውሃው ላይ አኖረ፥ ትንፋሹንም በጆሮው ሰማ።

በታቹ፥ ከቁመቱ ኹለት እጥፍ በማይሞላ ጥልቀት፥ አንድ አገር ነበረ። ቡናማና ሐምራዊ ኮራል፥ ከፊሉ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣ፥ ከፊሉ እንደ ሞሰብ የከበበ፥ ድንጋይ ቢመስልም በየቀዳዳው ትንንሽ ነፍሳት የሚኖሩበት። ሥራቸው ኖራ እያመነጩ ቤት መሥራት ነው፤ ቤታቸውም በብዙ ዓመት ጥቂት ብቻ ያድጋል፤ የዋናተኛ እግር ግን በቅጽበት ያፈርሰዋል። የባሕር ጃርት ረጅም ጥቁር እሾኹን አቁሞ በስንጥቅ ውስጥ ተቀምጧል። አፉ የበቀቀን መንቍር የመሰለ ሰማያዊ ዓሣ ኮራሉን ሲቈረጥም ኰሽታው በውሃው ውስጥ ይሰማል፤ ከሆዱም የተፈጨው ነጭ ዱቄት እንደ ጭስ ይወጣል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በሙሻ የረገጡት አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ወፍጮ ያወጣው ነበረ። ሰውየው ለልጁ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ውሃ ገባበት፤ ስለዚህ እጇን ጨብጦ አመለከታት።

እንዲህ እየተንሳፈፉ ኮራሉ ከሚያልቅበት ጠርዝ ደረሱ። በዚያ ወለሉ ተቈርጦ ይወርዳል፤ ከእርሱም በኋላ ሰማያዊ ብቻ ነው፥ የብርሃኑም ጨረር እንደ ክር እየቀጠነ ወርዶ ይጠፋል። ልጅቱ ጐተተችው፤ አልመጣም። ኹለተኛ ጐተተችው፤ በእጁ ቈይ አላት። በትንፋሹ ድምፅ ብቻ ተከብቦ ያን ሰማያዊ ሲመለከት ምን ያህል እንደ ቈየ አላወቀም። ከውሃው በወጣ ጊዜ ፀሓይ ጀርባውን ለብልባው ነበር፤ መነጽሩን ሲያወልቅም በውስጡ ውሃ ተገኘ። የገባበት የባሕር ውሃ ነው አለ፤ ልጅቱም አልተከራከረችውም።

በመልሱ ጕዞ ነፋሱ ተነሣ፥ ማዕበሉም ጀልባዋን ይመታት ጀመር፤ ተሳፋሪዎቹም ራሳቸውን ሸፈኑ። ሰውየው የባለ ጀልባውን ሻይ በአንድ እጁ ይዞ ይጠጣ ነበር።

ማታ በቤቱ ለሚስቱ ነገሩን ኹሉ ነገራት። እርሷም አለቀሰች፤ እንባዋን ከጠረገችም በኋላ፥ «መርዶ በስልክ አይነገርም» አለችው። እርሱም ይህን ያውቅ ነበርና በአገር ቤት ወዳለው ታላቅ ወንድሙ ደወለ። ወንድሙ ዝም ብሎ ሰማው፤ ከዚያም፥ «ሽማግሎቹን እኔ እሰበስባለሁ፤ በማለዳ ይነገራቸዋል። አንተ ግን ከፊታቸው ቁም፤ ጀልባዋንም ሌሊቱንም ከአንተ አፍ ይስሙት» አለው።

«ቢረግሙኝሳ፥ ጋሼ?»

«ቢረግሙህም ቆመህ ትሰማለህ።»

ቅዳሜ ከአለቃው ፈቃድ ጠየቀ፤ እሑድ ሌሊት በገላፊና በሚሌ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና አገኘ። ሾፌሩ የቆየ ወዳጁ ስለ ነበር፥ ለስንት ዓመት አገር ቤት ያልሄደ ሰው እንዴት ተነሣህ ብሎ ተደነቀ፤ «ለሠርግ ነው ወይስ ለለቅሶ?» ብሎም ጠየቀው።

«ለለቅሶ ነው» አለና ሻንጣውን ከወንበሩ ኋላ አኖረው።