«ይቺ እኮ ሀቦባ አይደለችም!» (ካሜራዬ ሸርቆሌ ላይ ያፈረበት ቀን)

ሰሞኑን ፒያሳም ቦሌም አልነበርኩም። «የት ጠፋህ?» ለምትሉኝ ... ሸርቆሌ ነበርኩላችሁ!

«ሸርቆሌ ደግሞ የት ነው?» ካላችሁ አይፈረድባችሁም። አብዛኞቻችን ስሙን የሰማነው በዜና ነው። ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት ጣቢያ አለ። ቦታው ግን ከጣቢያውም በፊት የበርታ ሕዝብ አገር ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ፣ ከአሶሳ ወደ ሰሜን በሆሞሻ በኩል ተኪዶ ይገኛል። የሱዳን ድንበር ሩቅ ስላልሆነ ገበያው ላይ በርትኛው፣ ዓረብኛውና አማርኛው ተደባልቆ ይሰማል።

ታናሽ ወንድሜ እዚያ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ይሠራል። «ና እስቲ፣ አገር እይ» ብሎ ለአሶሳ የአውሮፕላን ቲኬት ሲቆርጥልኝ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ዲጂታል ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እብስ!

ወሩ የካቲት ነበር። ሙቀቱስ ተዉት! ቀዩ አፈር፣ የሽመል አጥሩ፣ የሳር ክዳን ጎጆው፣ ትልልቁ የማንጎ ዛፍ ... ለፎቶ የተሠራ አገር ነው። እኔ ደግሞ 12ኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ሁለት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁና ልቤ አብጧል። እናላችሁ፣ ይህን ያበጠ ልብ ያስተነፈሱልኝ የወንድሜ አከራይ ናቸው።

እኚህ እናት የበርታ ተወላጅ ናቸው። ጉንጫቸው ላይ፣ በዕድሜ የገፉ በርታዎች ላይ እንደሚታየው፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት መስመር አለ። የልጅ ልጃቸው «ሀቦባ» ትላቸዋለች፤ በሱዳን ዓረብኛ አያት ማለት ነው። ካሜራዬን ሲያዩ ከሳጥን ውስጥ አንዲት የመታወቂያ ፎቶ አውጥተው ሰጡኝ። የሟች ባለቤታቸው ናት። ሸሚዙ ይታያል፣ አንገትጌው ይታያል፣ ፊቱ ግን ጥቁር ጥላ ብቻ! ወንድሜ እያስተረጎመ፦

«ልጆቹ አያታቸውን አያውቁትም። ወረቀቱ አለ፣ ፊቱ የለም። እኔን እንደሱ እንዳታደርገኝ» አሉኝ።

«ምን ችግር አለው እማማ! ይሄ እኮ ዲጂታል ነው» አልኩ። አቤት አፍ!

አንደኛው ፎቶ፦ ከሰል

ነጭ ቶባቸውን ተጎናጽፈው ከጎጆው ደጃፍ ቆሙ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ። ካሜራውን አውቶ ላይ አድርጌ ቀጭ! ስክሪኑን ሳየው ቶቡ ቁልጭ ብሏል፣ ፊታቸው ግን ከሰል ሆኗል። ልክ እንደ ባለቤታቸው መታወቂያ!

ለምን መሰላችሁ? ካሜራ ሰው አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃን መለካት ብቻ ነው። ውስጡ ያለው መለኪያ ያየውን ነገር ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይፈልጋል። ፎቶ አንሺዎች ለመለኪያ የሚይዙት ካርድ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ የሆነውም ለዚሁ ነው። ነጭ ቶብና ፀሐይ የመታው መሬት ሲያይ «ኧረ በዛ!» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። በመሀል የሚሰዋው ጥቁሩ ፊት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት (+/−) ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ። ከጀርባው ብዙ ነጭ ወይም ደማቅ ብርሃን ካለ ወደ መደመር፣ አንድ ያህል ከፍ አድርጉ። ቶቡ ትንሽ ቢነጣ ይንጣ፤ ፎቶው የቶቡ አይደለም!

ሁለተኛው ፎቶ፦ አመድ

አሁን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ተጠጋሁ። ከፊታቸው በስተቀር ምንም እንዳይገባ አድርጌ አነሳሁ። ወይ ጉድ! ፊታቸው ደመቀ፣ «ጸዳ»። አዲስ አበባ ቢሆን ደንበኛዬ ጮቤ ይረግጥ ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ለልጅቷ አሳየኋት።

አየችው። ዞር ብላ አያቷን አየች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው፦

«ይቺ እኮ ሀቦባ አይደለችም!»

እውነቷን ነው። የጉንጫቸው መስመር ጠፍቷል። ቆዳቸው አመድ የተነፋበት መስሏል። ምክንያቱ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፦ ካሜራው ፎቶውን የሞላ ጥቁር ቆዳ ሲያይ «ጨለመ» ብሎ ያለ ልክ አበራው። እንዲህ ሲሆን ቁልፏን ወደ መቀነስ ማምጣት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፎቶ ቤት እያለሁ ሥራዬ ምን ነበር? «ቀላ አድርገኝ» ላለኝ ሁሉ፣ ላላለኝም ጭምር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ማቅላት! ጠይሟን ቀይ፣ ጥቁሩን ጠይም አደርጋለሁ። አንድም ሰው አልተከፋብኝም። ሸርቆሌ ላይ አንዲት ሕፃን ሳቀችብኝ፣ አለቀ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም መቼም። ኮዳክ የተባለው የፊልም ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶ አጣቢዎች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል። የእሷ መልክ ካማረ ሥራው ልክ ነው ማለት ነው። ሌላው ሰውስ? ማን ጠይቆት! ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት እንደምትነግረን፣ ኮዳክ ጥቋቁር ቀለሞችን የሚለይ ፊልም ለመሥራት ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል። ለሰው ያልታዘነውን ለቸኮሌት ታዘነለት! ጉግል «ሪል ቶን» ብሎ የጥቁር ሰው መልክ በትክክል እንዲወጣ ያሰበበትን የስልክ ካሜራ ያወጣው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው። ትናንት ማለት እኮ ነው!

ሦስተኛው ፎቶ፦ ሰማያዊ

ፀሐዩ ሲበረታ ሰማያዊ ሸራ ወደ ተወጠረበት ዳስ ገባን። አነሳሁ። አሁን ደግሞ እማማ የታመሙ መሰሉ! ብርሃኑ ሸራውን አልፎ ሲመጣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊት ላይም እንዳለ ያርፋል። የማንጎ ቅጠል ሥር ሲቆም ደግሞ ፊት አረንጓዴ ያዘነብላል። ዓይናችን ይህን ራሱ ስለሚያርመው አይታወቀንም፤ ካሜራው ግን ይመዘግበዋል።

ይህንን የሚያስተካክለው ዋይት ባላንስ የሚባለው ነው፤ ለካሜራው «ነጭ ማለት ይቺ ናት» ብሎ መንገር ነው። አውቶ ላይ ከተተወ ግን ቀዩን አፈር ሲያይ «ቀይ በዛ» ብሎ ይቀንስላችኋል፤ የሸርቆሌ አፈር የገረጣ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የፀሐይ ምልክት ለፀሐይ፣ የቤት ጥላ ምልክት ለጥላ፣ የአምፖል ምልክት ለአምፖል ምረጡ። በቁጥር ለምትወዱ፦ ቀትር ፀሐይ 5,500 ኬልቪን ገደማ፣ ጥላ 7,000 አካባቢ፣ ቢጫው አምፖል 3,000 ገደማ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰውየው ባለበት ብርሃን ነጭ ወረቀት አንስቶ በእሱ ማስተካከል ነው።

አራተኛው ፎቶ፦ እሳቸው

አሥር ሰዓት ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል ከጎጆው ጥላ ጫፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ገላጣው ሰማይ አዙረው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከወንድሜ ደብተር ገጽ ቀድጄ ነጩን ለካሜራው አሳየሁት። አውቶውን ተውኩና ራሴ አስተካከልኩ፦ አይ.ኤስ.ኦ. 200፣ የሌንሱ ቀዳዳ 4፣ ፍጥነቱ ከሴኮንድ 250ኛው። ልጅቷ ነጭ ነጠላ ከጎን ዘርግታ ያዘች። ጥቁር ቆዳ ቅርጹ የሚታየው ከጎን በሚመልሰው ብርሃን ነው፤ ነጠላው ያቺን ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አሳረፈልኝ። ፍላሽ ቢሆን ግንባራቸውን ብቻ ያብለጨልጨው ነበር።

ስክሪኑን አላመንኩትም፤ ደጅ ላይ ስክሪን ይዋሻል። ያየሁት ሂስቶግራም የምትባለዋን ተራራ መሳይ ሥዕል ነው። ተራራው በግራ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ጥቁሩ ጠፍቷል፣ በቀኝ ከተጣበቀ ነጩ ተቃጥሏል። የእኔው መሀል ላይ ተቀምጧል። ቀጭ!

ልጅቷ አየችና አልሳቀችም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ መስመሮቹን ቆጠረች ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ «ሀቦባ» አለች።

ፎቶውን አዲስ አበባ አሳጥቤ ለወንድሜ ላክሁለት። እማማ ሲያዩት ምን አሉ አልኩት። «ጉንጫቸውን ዳሰሱና፣ 'አሁን ብሞትም ያውቁኛል' አሉ» አለኝ። ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

ለባለ ስልኮች

«እኔ ካሜራ የለኝም» የምትሉ፣ ስልካችሁ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ንኩ፤ ብርሃን ማስተካከያዋ ስትመጣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቡ። «ቢውቲ» የምትለዋን ግን አጥፏት! እናቴ ስታየኝ «ይሄ ማን ነው?» እንድትል ነው እንዴ? ሰው ከማንሳታችሁ በፊትም ፈቃድ ጠይቁ። ስደተኛ ጣቢያ ውስጥማ ከሚመለከተው አካል የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ ካሜራ ማውጣት አይሞከርም።

እኔ ፎቶ ቤት እያለሁ ያቀላኋችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ብትመጡ በነፃ ደግሜ አነሳችኋለሁ፤ በራሳችሁ መልክ! እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።