ከጣና የሄደው ደንገል

ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ፊልም ለማሳየት ከጓደኛ ፕሮጀክተር፣ ከጎረቤት ነጭ አንሶላ ተውሰን ግድግዳው ላይ ወጠርን። ያሰብነው ለሰፈሩ ልጆች ነበር። ፊልሙ ስለ ደንገል ጀልባ መሆኑ ሲሰማ ግን ታንኳ በማሰር የኖሩ የነገደ ወይጦ አባቶችና እናቶችም መጡ። አንድ አዛውንት ለጎብኚ የሚሸጡትን ትንሽ ታንኳ እያሰሩ ስለነበር ደንገላቸውን እንደያዙ ከፊት ተቀመጡ።

ፊልሙ «ራ» ይባላል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ያደረገውን ሙከራ የሚተርክ፣ ለኦስካር የታጨ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሰውየው የጥንት ሰዎች በእንዲህ ያለ ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ። 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና ወደ ግብፅ ተጫነ። ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ጀልባውን ያሰሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ባለሙያዎች ነበሩ።

ይህን ገና ከመጀመራችን ስናገር አንዲት እናት «የኛ ደንገል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ከዚሁ ከጣና የሄደ።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ፊልሙን እንደ ዘመድ ጉዳይ ያየው ጀመር።

ጀልባው ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሣ። ላዩ ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ፦ ኖርዌያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ሩሲያዊ፣ ሜክሲኳዊ፣ ግብፃዊና ቻዳዊ። ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍሎ በሚፋጠጥበት በዚያ ዘመን አሜሪካዊና ሩሲያዊ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ሥር አብረው ሲበሉና ሲተኙ ማየት ልብ ያሞቃል። እኔ ሰዎቹን ስመለከት ሽማግሌው የሚያዩት ጀልባውን ነበር። እጃቸው ማሰሩን ተወና በጣታቸው ወደ አንሶላው አመለከቱኝ።

«ልጄ፣ ጭራዋን ወደ ላይ የሚይዛት ገመድ የላትም እንዴ? እንዲህ ሆና ውሃው ይጎትታታል።»

ጥቂት ቆይቶ የጀልባው ጭራ ውሃ ውስጥ ሰመጠ። ሄየርዳልና ጓደኞቹም ቆይተው የተረዱት ይህንኑ ነው፤ በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው ጭራ ወደ ጀልባው ወለል የሚወርድ ገመድ አለ፤ እነሱ ግን ጥቅሙ ሳይገባቸው ጀልባቸውን ያለ እሱ አስነሥተው ነበር። ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባውን ጥለው ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሁለተኛውን ጀልባ አሰሩ። እሱም ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ።

ግቢው በጭብጨባ ተሞላ። ወዲያው አንዲት ልጅ ተነሥታ «ከኛ ሰዎችስ ማን ነበረ?» ብላ ጠየቀች። የነበረውን ነገርኳት፦ ከመርከበኞቹ መሐል ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ ጀልባዎቹን ያሰሩትም የጣና ልጆች አይደሉም። ከጣና የሄደው ደንገሉ ነው።

ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ። ነገደ ወይጦ በጉማሬ አደንና በታንኳ የታወቀ፣ የቀድሞ ቋንቋው ጠፍቶ በአማርኛ የሚናገር ሕዝብ ነው። የጣናን ውሃ እንደ እጁ መዳፍ እያወቀ ለዘመናት ተንቆ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ከተማውና እርሻው ወደ ሐይቁ እየተጠጋ ደንገሉን ያሳሳዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ሐይቁን ለመጠበቅ ከታሰበ በዳሩ የሚኖረው ሰው ዕውቀትም አብሮ መጠበቅ አለበት።

ከዚያ ማታ በኋላ ሥራቸውን ለመቅረጽ ሽማግሌውን ፈቃድ ጠየቅን። ሁለት ነገር አዘዙን፤ የልጅ ልጃቸው ካሜራውን እንዲይዝ፣ የተቀረጸውንም ለማንም ከማሳየታችን በፊት እሳቸውና ወገኖቻቸው እንዲያዩት። እንደ ቃላቸው አደረግን። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ በነዶ በነዶ ተጠፍሮ አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና፣ ውሃ የጠጣ ታንኳ ዳር ወጥቶ ሲደርቅ ልጁ እየተንበረከከ ቀረጸ። ለማያውቀው ሰው የማይታየውን ቋጠሮ እሱ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ካሜራው እጃቸውን ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር።

የተቀረጸውን ስናሳያቸው «የኛ ደንገል?» ያሉት እናት አንድ ነገር አስጨመሩን፦ «ታንኳው ብቻ አይታይ። አብሮን ማዕድ የማይቆርስ ጎረቤት እንደነበረ፣ ልጆቻችን በስድብ ይጠሩ እንደነበር ይነገር።» ካሜራው ፊት ተቀምጠው ራሳቸው ተናገሩት።

«ራ» የሰባት አገር ሰው በአንድ ጀልባ ላይ ተዛዝኖ መኖር እንደሚችል አሳይቶናል፤ ስለዚህ አከብረዋለሁ። ደንገሉን ከልጅነት እስከ ሽምግልና ሲያጭዱና ሲያስሩ የኖሩት ደግሞ ማንነታቸውን በራሳቸው አንደበት፣ በራሳቸው ልጆች ካሜራ ሊነግሩን ይገባል። ደንገሉ ሳያልቅ፣ አዛውንቶቹም በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ይቀረጽ።